የአዲስ አበባ ነባር ፎቆች በግዴታ ይመርመሩ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦
የዚህ ሳምንት የክርክር ጥያቄ ይኸውላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ነባር ፎቆች፣ ኮንዶሚኒየሞችን ጨምሮ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ይቋቋሙ እንደሆነ በግዴታ ይመርመሩ? ይመርመሩ ከተባለስ ሂሳቡ የማን ነው? መነሻውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ፈንታሌና ዶፈን የተባሉት እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲናጥ ከረመ። በታኅሣሥ መጨረሻ ዶፈን አጠገብ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎትና ጭቃ ሲተፋ በቪዲዮ አየን። የካቲት 7 ማታ በሬክተር ስኬል 6.0 የተለካው ሲመጣ ደግሞ እዚህ አዲስ አበባ ስንቱ ጋቢውን እንደደረበ ደረጃ ወረደ። እንደተለመደው ስድብ ክልክል ነው፤ «ትንቢት» የሚያጋራ ይወገዳል።

ጀሞ፦
ግዴታ የሚለውን ቃል ስሰማ እጄ ኪሴን ይይዛል። የባንክ ዕዳውን ገና ከፍሎ ያልጨረሰ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ «ቤትህን አስመርምር፣ አለዚያ ትቀጣለህ» ሊባል ነው? ለምንስ? ፈንታሌ በቀጥታ መስመር ወደ 130 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አምፑል ተወዛወዘ፣ ቁም ሳጥን ተንቋቋ፣ አበቃ። እኔን የሚያንቀጠቅጠኝ የዘይት ዋጋ ነው።

የመተሐራ ልጅ፦
እናንተ ስለተወዛወዘ አምፑል ታወራላችሁ። እኛ ጋ የተሰነጠቀው ግድግዳ ነው። ከአፋር፣ ከኦሮሚያና ከአማራ ክልል ወደ 80,000 የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ይነሣ የተባለበትን ጊዜ ረሳችሁት? እናቴ ደጅ ሸራ ወጥራ ነው ያደረችው፤ ፍየሎቿን ትታ አልሄድም ብላ። አሁን ገንዘብ ተገኘ ከተባለ ለቦሌ ፎቅ መመርመሪያ ይሁን? ቤቱ ለፈረሰበት ሰውና እዚያው አካባቢ ላለው ለከሰም ግድብ ክትትል ቢውል አይሻልም?

ወለተ፦
ጸልዩ፤ ሌላው ትርፍ ነው።

የጂኦፊዚክስ ተማሪ፦
ጀሞና የመተሐራ ልጅ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ቋጥራችኋል፤ ልፍታው።

ፈንታሌ ላይ የሆነው እንዲህ ነው። ከጥልቅ የተነሣ ቅልጥ ዐለት ወደ ላይ መውጣት ሲያቅተው መሬቱን በቁም እየሰነጠቀና ስንጥቁን እየሞላ ወደ ጎን ይሄዳል። ጫፉ በደረሰበት ሁሉ ዐለት ይሰበራል፤ እኛ መንቀጥቀጥ የምንለው ይህን ስብራት ነው። የመንቀጥቀጡ ማዕከል ከፈንታሌ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ዶፈን የተጓዘውም ለዚህ ነው። በግምት አይደለም የምናገረው። የራዳር ሳተላይቶች በፊትና በኋላ ያነሡት ምስል ሲነጻጸር መሬቱ ግራና ቀኝ ተላቅቆ መሀሉ ሰምጦ ይታያል። ስምጥ ሸለቆው በዓመት 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይከፈታል ብለን እንማራለን። እውነት ነው፤ ግን ሂሳቡን በየዓመቱ አይዘጋም፤ አጠራቅሞ አጠራቅሞ ባንዴ ነው። በመስከረም 1998 አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በቅልጥ ዐለት ተሞልቶ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል።

ስለዚህ ጀሞ፣ «ፈንታሌ ሩቅ ነው» ስትል ልክ ነህ። እንዲህ ዓይነቱ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛ ነው፤ ጉዳቱም የሚበረታው አጠገቡ ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባ ጥያቄ ፈንታሌ ከመነሣቱ በፊትም ነበረ። ነሐሴ 1898፣ ምኒልክ በሕይወት ሳሉ፣ ከስምጥ ሸለቆው የተነሣ ከ6.5 በላይ የሚገመት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አስደንግጧል። በግንቦት 1953 ደግሞ ካራ ቆሬ። የአዲስ አበባውን ሠፈር አይደለም የምለው፤ ከአጣዬ አለፍ ብሎ ያለውን ነው። ያኔ ማጀቴ ፈርሳለች። በሁለቱም ጊዜ አዲስ አበባ ዛሬ የተደረደሩባት ፎቆች አልነበሯትም። አዲስ አበባ ከስምጥ ሸለቆው ትከሻ ላይ ተቀምጣለች። ፍል ውሃ የምንታጠብበት ውሃ እንኳ የሚወጣው በስንጥቅ ነው።

አራተኛ ፎቅ፦
ሳይንሱን አልከራከርም። የማውቀው የካቲት 7 ማታ የበረንዳው በር ብቻውን ሲከፈትና ሲዘጋ ማየቴን ነው። ምድር ቤት ያሉት ጎረቤቴ ግን «ምንም አልሰማንም፣ ቡና እየጠጣን ነበር» አሉ። አንድ ሕንፃ ውስጥ እየኖርን እንዴት ነው ነገሩ?

መሐንዲሷ፦
ሁለታችሁም እውነት ነው የተናገራችሁት እህቴ። ከሩቅ በሚመጣ መንቀጥቀጥ ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ ይሞታል፤ የሚደርሰን ዝግተኛው መወዛወዝ ነው። እሱን ደግሞ ከፍ ያለ ሕንፃ ይወደዋል፤ ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር ይሰፋል። ሠፈሩ ወፍራም ጥቁር ሸክላ አፈር ላይ ከሆነ ይብሳል።

ስለ ኮዱም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም «የአዲስ አበባ አደጋ እጥፍ ሆነ» የሚል ወሬ እየተዘዋወረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሀገራችን የሕንፃ ኮድ አዲስ አበባን ዞን 2 ውስጥ አስቀምጦ፣ ለንድፍ ከመሬት ስበት 5 በመቶ የሚሆን የመሬት ፍጥንጥነት ይወስድ ነበር። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ዞን 3 አድርጎ ወደ 10 በመቶ አሳደገው። ይህን ያየ ሰው መሬቷ የተናደደች ይመስለዋል። የድሮው ኮድ ግን የሚያስበው በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ነበር፤ አዲሱ በ475 ዓመት አንዴ የሚመጣውን ነው። መሬቷ ያችው መሬት ናት። የተለወጠው እኛ እንቀበለዋለን ያልነው ዕድል ነው። በድሮው ስሌት አንድ ሕንፃ በ50 ዓመት ውስጥ ከታሰበለት የከበደ መንቀጥቀጥ የሚገጥመው ዕድሉ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል፤ በአዲሱ 10 በመቶ። በኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ደግሞ የድሮው ዘመን ልጆች ናቸው።

ይወድቃሉ ማለቴ አይደለም። በደንብ የተሠራ ጂ ፕላስ 4 ከተሰላለት በላይ የሚሸከመው ትርፍ አቅም አለው። ቁም ነገሩ «በደንብ የተሠራ» የሚለው ላይ ነው።

ፎርማኑ፦
መሐንዲሷ ወደኔ ሠፈር መጣሽ! ኮድ ወረቀት ላይ ነው፤ ሕንፃው የሚቆመው ግን ስታፋ ላይ ነው፤ የምሰሶውን ቋሚ ብረቶች ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት ማለቴ ነው። የኮለን፣ ማለትም የምሰሶ፣ ስታፋ ከላይና ከታች፣ ከቢሙ (ከአግዳሚው) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠጋ ጠጋ ብሎ መታሰር አለበት። እኔ ባየኋቸው ሳይቶች ብረት ሠራተኛው የሚዘልለው ግን ያንኑ ቦታ ነው። ፌሮው እዚያ ጋ ስለሚጨናነቅ እጅ አያስገባም፤ ተቆጣጣሪው እስኪመጣ ደግሞ ፎርሙ ተገጥሞ ያልቃል። አርማታ ሲሞላ እያንቀጠቀጠ የሚጠቀጥቀው ቫይብሬተር ከሌለ ከኮለኑ ሥር ጠጠር ብቻ ይቀራል። ፎርሙ ሲነቀል በሲሚንቶ ይለሰንና ማን ያያል? ስለዚህ ፕላን አገላብጦ «ደህና ነው» የሚል ምርመራ ለኔ ፎቶ አይቶ ሙሽራ እንደመምረጥ ነው።

ሌላም አለ። እስቲ ውረዱና የብሎካችሁን ምድር ቤት እዩ። ሱቁን ለማስፋት መሀል ያለውን የብሎኬት ግድግዳ ያላፈረሰ ስንት ነው? አንዱማ ለሮሊንግ በር ሐዲድ ብሎ የኮለኑን ጠርዝ በመሮ ሲጠርብ አይቻለሁ። ፌሮው ብልጭ ብሎ ወጣ፤ በጂፕሰም ደፈነው፤ ቀለም ቀባው፤ ማታውኑ ዕቃ ደረደረበት።

ለወለተ፦ እንጸልያለን፣ ስታፋውንም እናስራለን።

መሐንዲሷ፦
ፎርማኑ የነገራችሁን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ከላይ ያሉት ፎቆች በግድግዳ ተጣብቀው ድርቅ ሲሉ ምድር ቤቱ ክፍት ከሆነ፣ መወዛወዙን ሁሉ የሚሸከሙት የምድር ቤቱ ኮለኖች ብቻ ይሆናሉ። ቱርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 የ7.8ቱ መንቀጥቀጥ ከ50,000 በላይ ሰው ሲገድል፣ ምድር ቤታቸው ሱቅ ሆኖ እግራቸው የታጠፈ ሕንፃዎች ብዙ ነበሩ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2018 የቱርክ መንግሥት ያለ ፈቃድ ለተሠሩ ግንባታዎች ገንዘብ እያስከፈለ ምሕረት ሰጥቶ ነበር። እኛስ «ቅጣት ከፍሎ ሕጋዊ መሆን» የሚባለውን አናውቀውም?

ከነታንያ፦
ከእስራኤል ነኝ። እዚህም ስምጥ ሸለቆ አለ፤ በዮርዳኖስና በሙት ባሕር በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 «ታማ 38» የሚሉት ዕቅድ ወጣ። ከ1980 በፊት የተሠራን ሕንፃ ኮንትራክተር ያጠናክር ነበር፤ ነዋሪው አይከፍልም ነበር፤ ኮንትራክተሩ በምትኩ ላዩ ላይ ፎቅ ጨምሮ ይሸጥ ነበር። ጥሩ ይመስላል አይደል? ቴል አቪቭና ዙሪያዋ ላይ ቤት ውድ ስለሆነ ኮንትራክተሩ ሮጦ መጣ። ቤት ሸአንና ቂርያት ሽሞና፣ ስንጥቁ አጠገብ ያሉት ከተሞች ላይ ግን ቤት ርካሽ ነው፤ ማን ይምጣላቸው? አደጋው ባለበት ሳይሆን ዋጋው ባለበት ተጠናከረ። «ባለሀብት ይሥራው» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስቡት።

ጀሞ፦
አያችሁ! በላያችን ላይ ፎቅ ሊጨመርብን ነበር። እሺ፣ ሳይንሱ ገብቶኛል። ፎርማኑ የተናገረውም አሳስቦኛል፤ እኛ ብሎክ ሥርም እንደዚያ ዓይነት ሱቅ አለ። ግን ጥያቄዬ አልተመለሰም። መርማሪ መጥቶ «ብሎካችሁ ደካማ ነው» ብሎ ቢጽፍ ማግስቱን ምን እናደርጋለን? ማጠናከሪያ ገንዘብ የለንም፤ መሸጥ አንችልም፣ ወረቀቱን ያየ አይገዛም። ተከራይ ይወጣል። ያንን ወረቀት ይዘን እዚያው እንተኛለን። ሳናውቅ መተኛት አይሻልም?

አራተኛ ፎቅ፦
እኔ ማወቅ እፈልጋለሁ። ልጆች አሉኝ።

የመተሐራ ልጅ፦
የናንተ ጭንቀት ገብቶኛል፤ ግን ቅደም ተከተል አለ። እኛ ጋ የወደቀው ፎቅ አይደለም፤ የጭቃና የብሎኬት ቤት ነው። እሱን በትንሽ ወጪ፣ ማዕዘኑን በማሰርና ጣሪያውን በማቅለል ማሻሻል ይቻላል። ለአንድ ፎቅ ጥናት የሚወጣው ስንት ቤት ያስር ነበር? ኮድ ሲነሣም የሚወራው ስለ ኮንክሪት ነው፤ ስለኛ ቤት የሚያወራው ማን ነው?

የጂኦፊዚክስ ተማሪ፦
በዚህኛው ላይ ከመተሐራ ልጅ ጋ ነኝ። ተጨማሪ የመለኪያ ጣቢያም የሚተከለው እዚያ መሆን አለበት።

መሐንዲሷ፦
እኔ አንዱ ሌላውን የሚያስቀር አይመስለኝም። ሁሉንም ፎቅ በመሣሪያ እንመርምር የሚል ሰው አቅማችንን አያውቅም። በሌላ አገር የተለመደው መጀመሪያ በዓይን ማጣራት ነው። ሠልጥኖ የወጣ ባለሙያ ከውጭ ያያል፣ ምድር ቤት ይገባል፣ የፎቁን ብዛት፣ የተሠራበትን ዘመን፣ የፈረሰ ግድግዳ መኖሩን መዝግቦ ነጥብ ይሰጣል። መሣሪያና ስሌት የሚመጣው ነጥቡ ለከፋው ብቻ ነው። ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ይቅደም፣ ወጪውም የመንግሥት ይሁን። ለጀሞ «ማግስቱን ምን እናደርጋለን» ጥያቄ ሙሉ መልስ የለኝም። ብድር ካልተመቻቸ በስተቀር ግዴታው ቅጣት ብቻ ነው የሚሆነው፤ እሱ ላይ ልክ ነው።

ዛሬውኑ የሚሠራ ግን አለ። የብሎካችሁ ኮሚቴ የስትራክቸር ፕላኑን ቅጂ ይጠይቅና እጁ ላይ ያስቀምጥ። ቀጥሎ የሱቆቹ የኪራይ ውል ላይ «ኮለን አይጠረብም፣ ግድግዳ ያለ መሐንዲስ ፈቃድ አይፈርስም» የሚል አንቀጽ ይግባ፤ የፈረሰውም በፎቶ ይመዝገብ። ለዚህ መሐንዲስ ለአንድ ቀን መቅጠር ይበቃል፤ በአባወራ ሲካፈል ብዙ አይደለም።

ፎርማኑ፦
ፎቶ ስታነሡ ጂፕሰም የተለሰነውን ኮለን በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አድርጉት። ባዶ ድምፅ ካሰማ እዚያ ጋ ምልክት አድርጉና ለመሐንዲሱ አሳዩት።

ጀሞ፦
ይኼኛውን ለእሑዱ የብሎክ ስብሰባ አቀርባለሁ፤ ባለሱቁ እንደሚጮህብኝ ባውቅም። ግዴታውን ግን አሁንም አልደግፍም።