ዱላ ወይስ ምላስ? ልጆች ላይ የሚበዛው የቱ ነው?

ጠያቂዋ (አራት ኪሎ)፦ ትናንት ማታ ፒያሳ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት እናት ልጇን «አንተ የማትረባ! ምነው ባልወለድኩህ!» አለችው። ሰልፈኛው ጭጭ። በጥፊ ስትለው ግን ሁሉም «ኧረ ተይው!» ብሎ ተንጫጫ። ለመሆኑ ልጆች ላይ የሚበዛው በደል የቱ ነው?

የግንፍሌው፦ ዱላ ነዋ! ቁንጥጫ፣ አርጩሜ፣ በርበሬ መታጠን። ያልቀመሰ እጁን ያውጣ።

ነርሷ፦ አልስማማም። በ2015 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ከየአገሩ የተሠሩ ጥናቶችን ደምረው አሳትመው ነበር። ሰው ስለ ራሱ ልጅነት ሲጠየቅ ከ100 ወደ 36ቱ በስድብና በማዋረድ ተጎድቻለሁ ይላል። ዱላ 23 ገደማ ነው። ፍቅር የተነፈገ 18፣ ምግብና ሕክምና የተነፈገ 16። ወሲባዊ ጥቃት ከሴቶች 18፣ ከወንዶች 8 ገደማ። ምላስ ይመራል ማለት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ልጆቹ የተጠየቀው ባለሙያ ሲሆን ቁጥሩ በዱላም፣ በስድብም፣ በወሲባዊ ጥቃትም ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም! እኛ ክሊኒክ የምናየው የተሰበረ እጅ ነው። የተሰደበ ልጅ ካርድ አያወጣም።

እንጀራ አቅራቢዋ፦ እኔ ሌሊት 11 ሰዓት እንጀራ ለማድረስ ስወጣ ትልቋ ትንሹን ይዛ ከውስጥ ትቆልፋለች። ይሄም ሊቆጠርብኝ ነው? ድህነትን በደል አትበሉብን።

ነርሷ፦ እውነትሽን ነው እህቴ። የዓለም ጤና ድርጅትም ቸልተኝነት የሚለው አቅም እያለ የተነፈገውን ነው። መጠይቅ ላይ ግን ሁለቱን መለየት ይከብዳል።

የሕግ ተማሪው፦ ሕጉስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም የአካል ቅጣትን ይከለክላል። ቤት ውስጥ ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ለአስተዳደግ የሚሰጥ ተገቢ ቅጣት አያስከስስም ይላል። «ተገቢ» እስከ የት ነው? እሱን ሕጉ ለወላጅ ትቶታል።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ ስድብማ እኛ ጋ ማቆላመጫም ነው። «አንተ ሌባ» ብላ የምትስም አያት የለችም? ግን ልናዘዝ። ባለፈው የድሮ ተማሪዬን አራት ኪሎ አገኘሁት፤ ቡና ጋበዘኝ። ስንቴ ገርፌዋለሁ መሰላችሁ። ያነሳብኝ ግን አንድ ቀን ሰሌዳ ፊት «ድንጋይ ራስ» ያልኩትን ነው። እየሳቀ ነው ያነሳው። ዱላውን ረስቶታል።

የግንፍሌው፦ ጋሼ፣ እኔ ዱላውንም አልረሳሁም።