የቆየ የፈረንሳይ የውል ሰነድ ከመግዛቴ በፊት ምኑን ልመርምር?

ብራና ወዳጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በእጅ የተጻፉ ጥንታዊ የፈረንሳይ የሕግ ሰነዶችን ማሰባሰብ ከጀመርሁ ብዙ አልቆየሁም። እስካሁን በእጄ የገቡት ተራ ደረሰኞችና የኪራይ ውሎች ስለ ነበሩ ብዙም አላሳሰቡኝም፤ አሁን ግን አንድ ሻጭ ከእነዚያ ከፍ ያሉ ሁለት ሰነዶች አቅርቦልኛል። አንደኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1687 በብራና ላይ የተጻፈ የጋብቻ ውል ሲሆን፣ በራስጌው የአበባ ምልክት ያለበት ትንሽ ጥቁር ማኅተም ታትሞበታል፤ በማኅተሙም ላይ የኦርሌአን ስም ይነበባል። ሁለተኛው በ1731 በወረቀት ላይ የተጻፈ የመሬት ሽያጭ ነው፤ በግርጌው በርከት ያሉ ፊርማዎች አሉበት፣ አንዳንዱ በተንቀጠቀጠ እጅ የተጻፈ ነው፣ አንዱ ደግሞ መስቀል ብቻ ነው። ሻጩ እነዚህን ፊርማዎች እንደ ትልቅ ብልጫ ቆጥሮ ለሁለተኛው ሰነድ በጣም ከፍ ያለ ዋጋ ጠይቋል። የሰነዶቹን እውነተኛነት በፎቶግራፍ ብቻ እንዴት ልመዝን እችላለሁ? በፈረንሳይ ሕግስ እንዲህ ያለውን ሰነድ መግዛት የተፈቀደ ነውን?

የመዛግብት ሰው፦

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ምክንያቱም መልሱ ሻጩ ከነገረዎት ጋር ፈጽሞ የሚቃረን ነው። በፈረንሳይ ውል አዋዋዩ (ውል የሚያዘጋጅና የሚያረጋግጥ የሕግ ባለሙያ) ተዋዋዮቹና ምስክሮቹ በእጃቸው የፈረሙበትን ዋና ጽሑፍ በራሱ ዘንድ ያስቀምጣል፤ ቢሮው ለተተኪ ሲተላለፍም ጽሑፉ አብሮ ይተላለፋል። ለባለጉዳዮቹ የሚሰጣቸው እርሱ ያረጋገጠው ግልባጭ ነው። ዛሬ በገበያ የምናያቸው አብዛኞቹ ሰነዶች ቤተሰቦች በሣጥን ውስጥ ያቆዩአቸው እነዚህ ግልባጮች ስለሆኑ፣ መግዛትም ሆነ መሸጥ አያስነውርም። ዋናው ጽሑፍ ግን የፈረንሳይ የቅርስ ሕግ የሕዝብ መዛግብት ከሚላቸው መካከል ነው። የሕዝብ መዝገብ ደግሞ በይርጋ ባለቤትነቱ አይተላለፍም፤ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ከቢሮው የወጣ ቢሆንና በቅን ልቦና የተገዛ ቢሆን እንኳ መንግሥት ይመለስልኝ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

እንግዲህ የተለያዩ እጆች የፈረሙበት የመሬት ሽያጭ ሲያዩ ከመደሰትዎ በፊት ሊጠራጠሩ ይገባል። በግልባጭ ላይ የሰዎቹ ስም በጸሓፊው በራሱ እጅና በአንድ ዓይነት ቀለም ተከታትሎ ይሰፍራል፤ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ «በዋናው ላይ እንዲህ ተፈርሟል» የሚል ሐረግ ይገባል፤ እውነተኛ ፊርማ ሆኖ የሚገኘው የውል አዋዋዩ ብቻ ነው፣ በፓሪስም የሁለት ውል አዋዋዮች ፊርማ ማየት የተለመደ ነው። ሻጩ የሚያወድሰው ያ የተንቀጠቀጠ ፊርማ ወረቀቱ ከቢሮ የወጣ ዋና ጽሑፍ ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁም ነው።

ሆኖም ሁሉም ባለ ፊርማ ሰነድ ሕገ ወጥ ነው ማለቴ አይደለም። እንደ ውክልና፣ ደረሰኝና የሙያ ልምምድ ውል ያሉ ቀላል ጉዳዮች ዋናው ጽሑፍ ራሱ ለባለጉዳዩ እንዲሰጥ ሆነው ይዘጋጁ ነበር። ሰዎች ያለ ውል አዋዋይ በመካከላቸው የፈረሙት ውልም አለ። የመሬት ሽያጭ ግን ዋናው በቢሮ እንዲቀር የሚጠበቅበት ጉዳይ ስለሆነ፣ የ1731ን ሰነድ እኔ ብሆን ሻጩ ከየት እንዳገኘው በጽሑፍ ሳያስረዳኝ አልነካውም።

ቀይ ሰም፦

ከላይ የተባለውን እያጸደቅሁ ስለ ማኅተሙ ልጨምር። የቴምብር ወረቀት፣ ማለትም የሕግ ሰነድ የሚጻፍበት የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ወይም ብራና፣ በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ዘመን፣ በ1673 እና በ1674፣ የጦርነት ወጪን ለመሸፈን በግዴታ የተደነገገ ነው፤ በ1675 በብሬታኝ ለተነሣው ሕዝባዊ ዐመፅም ስሙን ሰጥቶታል። መንግሥቱ ጄኔራሊቴ በሚባሉ የግብር ክፍላተ ሀገር ተከፍሎ ስለ ነበር፣ እያንዳንዱ የራሱ ማኅተም ነበረው፤ በማኅተሙም ላይ የክፍለ ሀገሩ ስምና የወረቀቱ ዋጋ በዘመኑ ገንዘብ፣ በሶልና በዴንዬ፣ ይጻፍ ነበር። ይህ አሠራር የቀረው በ1791 ነው። ስለዚህ የኦርሌአን ማኅተም ያለበት ብራና ከውል አዋዋዩ መቀመጫ ጋር መስማማት አለበት፤ በዚያው ክፍለ ሀገር ያሉት ብሏ፣ ሻርትር ወይም ሞንታርጂ ከሆነ ይስማማል፣ በሌላ ክፍለ ሀገር ያሉት ቱር ወይም ሩዋን ከሆነ ግን ማብራሪያ ይሻል። እንደ አልዛስና ፍላንደር ያሉ አንዳንድ የድንበር ግዛቶች ከቴምብር ነጻ ስለ ነበሩ፣ ከዚያ የመጣ ሰነድ ማኅተም ቢጎድለው አያስደንቅም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ማኅተሙ የሚናገረው ግልባጩ ስለተጻፈበት ጊዜ እንጂ ውሉ ስለተፈረመበት ቀን አይደለም። የ1687 ውል ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለክርክር ተፈልጎ እንደገና ቢገለበጥ የኋለኛውን ዘመን ማኅተም ይይዛል፤ ይህም በሐሰተኛነት አያስጠረጥረውም።

የ1731ን ሰነድ በተመለከተ ደግሞ ሌላ መፈተኛ አለ። ከ1693 ጀምሮ የውል አዋዋዮች ሰነዶች በመንግሥት ሹም ዘንድ እንዲመዘገቡ ተደንግጎ ነበር፤ ሹሙም ክፍያውን ተቀብሎ ቦታውንና ቀኑን በሰነዱ ላይ ያሰፍር ነበር። ከዚህ ነጻ ከነበሩት መካከል የፓሪስ ውል አዋዋዮች ይገኙበታል። እነዚያ መዝገቦች ዛሬ በየዴፓርትማኑ (በዛሬው የፈረንሳይ የአስተዳደር ክልል) ቤተ መዛግብት «2 ሴ» (2 C) በሚባለው ክፍል ውስጥ ይገኛሉ፤ በሰነዱ ላይ ያለውን ቀንና ቦታ ይዞ መዝገቡን ማመሳከር ይቻላል። ከዚህ የተሻለ የእውነተኛነት ማረጋገጫ አላውቅም፤ ሻጮች ከሚሰጡት የምስክር ወረቀት ይልቅ ይህን አምናለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ስሙ ያልታወቀ ገበሬ የሸጠውን ማሳ አስመስሎ ለመጻፍ የሚደክም ሰው ብዙ አይደለም፤ አስመሳዮች የሚያተኩሩት በዝነኛ ሰዎች ፊርማ ላይ ነው።

ብራና ወዳጅ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጋብቻ ውሉን ፎቶግራፎች እንደገና አጉልቼ ተመለከትሁ። የሙሽራው፣ የሙሽራይቱና የዘመዶቻቸው ስም በአንድ እጅ ተከታትሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ የአንድ ሰው ፊርማ ብቻ ይታያል፣ የፊርማውም ጭራ እንደ ንብ ቀፎ ተጠላልፏል። ውል አዋዋዩ የብሏ ነው። ፊደሎቹ ሰፋፊ፣ መስመሮቹም የተራራቁ ናቸው፤ ይህ ያስገርመኛል፣ ብራና ውድ አልነበረምን? ስለ መሬት ሽያጩ የጻፍሁለት ሻጭ ግን እስካሁን አልመለሰልኝም። ስለ አነባበብና ስለ አቀማመጥ የምትነግሩኝ ካለ በደስታ እቀበላለሁ።

የቀለም ተማሪ፦

ፊደሉ የተራራቀው ግልባጩ የሚከፈልበት በገጽ ብዛት ስለ ነበረ ነው፤ ጸሓፊውን የሚጠቅመው ገጹ ቶሎ መሙላቱ ነበር። ለጀማሪ አንባቢ ግን ይህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ በፍጥነት ከተጻፈው ዋና ጽሑፍ ይልቅ ግልባጩ እጅግ ይቀልላል። መጀመሪያ የማይለወጡትን ክፍሎች ይልመዱ፤ ሰነዱ ብዙውን ጊዜ ውል አዋዋዩንና የቀረቡትን ሰዎች በመጥቀስ ይጀምራል፣ በግዴታዎችና በቀን ይዘጋል። በቀኑ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ሴፕታምብርን በ7፣ ኦክቶብርን በ8 ቁጥር አሳጥረው ይጽፋሉና 7ን አይቶ ሐምሌ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። ከ1793 እስከ 1805 መጨረሻ የተጻፉትም በፈረንሳይ አብዮት የዘመን አቆጣጠር ስለሆኑ መመንዘር አለባቸው፤ ለምሳሌ «7ኛ ዓመት» የሚለው ከሴፕቴምበር 1798 እስከ ሴፕቴምበር 1799 ያለውን ጊዜ ነው።

ስለ አቀማመጥ ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። ብራና ከቆዳ የተሠራ ስለሆነ ከአየሩ ጋር ይለጠጣል፣ ይሸበሸባልም፤ እጥፋቱን በካውያ ለማቅናት ከቶ አይሞክሩ። በዚያ ዘመን የተለመደው ቀለም ከኦክ ዛፍ እባጮች፣ ከብረት ሰልፌትና ከሙጫ የተዘጋጀ ነው፤ በጊዜ ብዛት ቡናማ ይሆናል፣ በወረቀት ላይ ደግሞ ቀስ እያለ ወረቀቱን ይበላዋል። የመሬት ሽያጩን ፎቶ ሲያዩ የጽሑፉ ጥላ በጀርባው ቡናማ ሆኖ ወጥቶ እንደሆነ ያስተውሉ። ተለጣፊ ፕላስተርና በላስቲክ ማሸግ ሁለቱም ሰነዱን ያጠፉታል። አሲድ በሌለው ወረቀት አቅፈው፣ ብርሃን በማይደርስበት ሣጥን ውስጥ በጠፍጣፋው ያስቀምጡት።

የመዛግብት ሰው፦

የጋብቻ ውሉ እንደ ገለጹት ከሆነ የባለጉዳዮች ግልባጭ ነው፤ ያለ ሥጋት ሊገዙት ይችላሉ። ሰነዱ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚላክ ከሆነ ግን፣ ከ50 ዓመት በላይ የቆዩ የመዛግብት ሰነዶች የመውጫ ፈቃድ ከሚጠየቅባቸው ባህላዊ ዕቃዎች መካከል ስለ ተዘረዘሩ፣ ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ ከመክፈልዎ በፊት ከሻጩ ጋር ይነጋገሩ። የ1731ን የመሬት ሽያጭ በተመለከተ ፎቶግራፎቹን ውል አዋዋዩ ወደ ነበረበት ዴፓርትማን ቤተ መዛግብት ይላኩ፤ የዚያን ውል አዋዋይ ዋና ጽሑፎች የሚያስቀምጡት እነርሱ ከሆኑ የ1731 ቅርቅብ ውስጥ የጎደለ መኖሩን ማየት ይችላሉ። መልሳቸው እስኪደርስዎት ድረስ ቀብድም ቢሆን አይክፈሉ።