የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፈተና ውጤት ደረጃ ሊወጣላቸው ይገባልን?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ለሁሉም ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓይነት የሚሰጠው ወጥ ፈተና ውጤት፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደርድሮ ለሕዝብ ለማሳወቅ ሊውል ይገባል ወይስ አይገባም? ተከራካሪዎች አቋማቸውን በምክንያት እንዲያስደግፉ በትሕትና እንጠይቃለን።

ወላጅ፦ ይገባል እላለሁ። አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ፣ ካርዱ ላይ «በጣም ጥሩ» እየተጻፈለት፣ አንድ አንቀጽ አንብቦ ምን እንደተረዳ መናገር ሲያቅተው ያየ ወላጅ፣ የክፍል ውጤት ብቻውን ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ያውቃል። መምህሩ የሚሰጠው ነጥብ ልጁን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ያስተያያል፤ ክፍሉ በሙሉ ወደ ኋላ ከቀረ ግን አንደኛ የወጣውም ልጅ አብሮ ቀርቷል፤ ይህን ሊነግረን የሚችለው ከትምህርት ቤቱ ውጭ የተዘጋጀ ፈተና ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀው «አንድም ልጅ ወደ ኋላ አይቅር» የተሰኘ ሕግ፣ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተኑ ከማዘዙም በላይ፣ የድሃ ቤተሰብ ልጆች፣ የአካል ጉዳተኞችና ቋንቋውን ገና የሚማሩ ልጆች ውጤት ለየብቻው እንዲገለጽ አስገድዷል። በጥሩ አማካይ ውጤት ተሸፍነው የኖሩ ልጆች ችግር በግልጽ መታየት የቻለው በዚህ መንገድ ነው። ውጤቱ ይፋ አይሁን ከተባለ ቀድመው የሚረሱት እነዚሁ ልጆች ናቸው።

መምህርት፦ ከላይ የጻፉት ወላጅ ስለ ተረሱ ልጆች ያነሱት ስጋት የእኔም ስጋት ነው፤ የምቃወመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤቱ ደረጃ የሚወጣለት የማለፊያ ነጥብ ባገኙ ተማሪዎች ብዛት ሲሆን፣ ፈተናው ሲቃረብ የተማሪዎች ስም ዝርዝር ሦስት ቦታ ይከፈላል፦ ያለ ጥርጥር የሚያልፉ፣ ለማለፍ ጥቂት ነጥብ የጎደላቸው፣ እና ከማለፊያው እጅግ የራቁ። የማጠናከሪያ ትምህርቱ በአብዛኛው ለመካከለኞቹ ይሰጣል፤ ምክንያቱም ሰንጠረዡን ከፍ የሚያደርጉት እነርሱ ብቻ ናቸው። ከሦስተኛው ቡድን አንድ ልጅ፣ ዓመቱን ፊደል በመለየት ጀምሮ ዓረፍተ ነገር በማንበብ ቢጨርስ፣ በእኔ ግምት በትምህርት ቤቱ ውስጥ ከተሠራው ሥራ ሁሉ ትልቁ ይህ ሆኖ ሳለ፣ በሰንጠረዡ ላይ ግን ልጁ ያው «ያላለፈ» ነው። ሳይንስ፣ ሥዕልና ሙዚቃ የሚፈተኑ ስላልሆኑ ክፍለ ጊዜያቸው ለንባብና ለሒሳብ መለማመጃ ይሰጣል። ጫናው ከዚህም ሊብስ ይችላል። በአትላንታ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው ምርመራ፣ በ44 ትምህርት ቤቶች ማጭበርበር መፈጸሙንና 178 መምህራንና ኃላፊዎች እጃቸው እንዳለበት ገልጿል፤ ጥርጣሬውን ካጠናከሩት ማስረጃዎች አንዱ በመልስ ወረቀቶች ላይ ተፍቀው ከስሕተት ወደ ትክክል የተቀየሩ መልሶች ከተለመደው በላይ መብዛታቸው ነበር። በዚያ የተጎዳው፣ ማንበብ ሳይችል «አልፏል» ተብሎ እርዳታ የተከለከለው ልጅ ነው።

የምዘና ባለሙያ፦ በሁለታችሁ መካከል ያለው ልዩነት የሚጠበው፣ ቁጥሩ ምን መናገር እንደሚችልና እንደማይችል ስንለይ ይመስለኛል። አንድ ትምህርት ቤት 40 ተማሪዎች አስፈትኖ ግማሾቹ አለፉ እንበል። ትምህርቱም መምህሩም ሳይለወጡ፣ ከዓመት ዓመት የሚመጡት ልጆች የተለያዩ በመሆናቸው ብቻ፣ ያላፊዎቹ ድርሻ 8 መቶኛ ነጥብ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ ይህም የሦስት ልጆች ጉዳይ ነው። ተፈታኞቹ 400 ቢሆኑ መዋዠቁ ወደ 2.5 ይወርዳል። ስለዚህ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ዓመት ከሰንጠረዡ አናት፣ በሌላው ከግርጌው መገኘታቸው ሊያስደንቀን አይገባም፤ አንዱን አመስግነን ሌላውን ስንወቅስ ብዙውን ጊዜ የምንፈርደው በአጋጣሚ ላይ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ የአንድ ጊዜ ውጤት ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣውንና ትምህርት ቤቱ የጨመረለትን አይለይም። ጄምስ ኮልማን የመሩትና እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ሰፊ የአሜሪካ ጥናት፣ በተማሪዎች ውጤት ልዩነት ላይ የቤተሰብ ሁኔታ ከትምህርት ቤት ግብዓት የበለጠ ክብደት እንዳለው አሳይቷል። በውጤት ብቻ የተደረደረ ሰንጠረዥ እንግዲህ በአብዛኛው የወላጆችን ኑሮ የሚደረድር ነው። ወደ ትምህርት ቤቱ ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው መለኪያ፣ ያው ልጅ ባለፈው ዓመት ከነበረበት ምን ያህል እንደተራመደ የሚያሳየው ነው። መምህርቷ የጠቀሱት ልጅም የሚታየው በዚህ መለኪያ ነው።

ወላጅ፦ የእድገት መለኪያውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የአንድን ልጅ እርምጃ ለመለካት ያው ልጅ በየዓመቱ መፈተን አለበት፤ ስለዚህ ክርክሩ ፈተናውን ወደ ማስቀረት ሊያመራ አይችልም። ይፋ ማድረግም ጥቅም አለው። ዌልስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የደረጃ ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ2001 ማውጣት ካቆመች በኋላ፣ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰንጠረዡን ከቀጠለችው ከእንግሊዝ ጋር አነጻጽረው የዌልስ ትምህርት ቤቶች ውጤታማነት መቀነሱን አግኝተዋል። የሚያየው እንደሌለ የሚያውቅ ትምህርት ቤት ይዘናጋል።

መምህርት፦ የጠቀሱት ጥናት የ16 ዓመት ወጣቶችን የሚመለከት ነው፤ የ8 ዓመት ልጅ አንድ ጠዋት ሆዱን ስላመመው ብቻ የማይመልሰው ጥያቄ ብዙ ነው። ፈተናው ይቅር አላልኩም። የምጠይቀው፣ ውጤቱ ልጆቹ ወደሚቀጥለው ክፍል ከተዛወሩ በኋላ እንደ ፍርድ ከሚደርሰኝ፣ ገና በእጄ ሳሉ በየጥያቄው ተተንትኖ እንዲሰጠኝ ነው። «32 በመቶ» የሚል ቁጥር ነገ ጠዋት ምን እንደማስተምር አይነግረኝም፤ ከክፍሌ አብዛኞቹ ክፍልፋይ ሲደምሩ ታችኛውን ቁጥር ከታችኛው ጋር እየደመሩ መሆኑን ባውቅ ግን በማግስቱ ልመለስበት እችላለሁ።

የምዘና ባለሙያ፦ ይህ የሚቻል ነው፤ ለወላጁ ጥያቄም የተለየ ሰነድ ሊዘጋጅ ይችላል። ለሕዝብ የሚገለጸው የአንድ ዓመት ሳይሆን የሦስት ዓመት አማካይ ይሁን፤ የመዋዠቁ ልክ አብሮት ይጻፍ፤ የልጆቹ እድገትና የየቡድኑ ውጤት ለየብቻ ይቀመጡ፤ ተማሪዎቹ ጥቂት በሆኑበት ቡድን ግን የልጆቹ ማንነት እንዳይታወቅ ቁጥሩ አይውጣ። ተራ ቁጥር አይሰጥ፤ በ14ኛውና በ29ኛው መካከል በእርግጥ ልዩነት ስለመኖሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፈተናው ማወቅ አይቻልምና።

ወላጅ፦ የየቡድኑ ውጤት እስካልተደበቀ ድረስ ተራ ቁጥሩ ቢቀር አልቃወምም። ሆኖም አንድ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተከታትሎ እድገት ካላሳየ ማን፣ በምን ጊዜ ውስጥ፣ ምን እንደሚያደርግለት በዚያው ሰነድ ላይ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ፤ ያለዚያ ልጄን እዚያ አላቆይም።