ዩኒየን ውስጥ ያልገባ ሠራተኛ መዋጮ ይክፈል? የቨርጂኒያ ምርጫ ክርክር (ከኖቬምበር 2025ቱ ምርጫ በፊት የተካሄደ)

የአሌክሳንድሪያው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኖቬምበር 4 ቀን 2025 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ነው። ቀድሞ ድምፅ መስጠት ተጀምሯል። በዚህ ምርጫ ራይት ቱ ወርክ የሚሉት ነገር እየተደጋገመ ነው። ለማያውቅ ባጭሩ፣ ሕጉ ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ባለበት ቦታ የሚሠራ ሰው ለዩኒየኑ ምንም እንዲከፍል እንዳይገደድ ያደርጋል። ቨርጂኒያ ከ1947 ጀምሮ ሕጉ አላት። ሜሪላንድና ዲሲ የላቸውም። ሪፐብሊካኗ ዊንሰም ኧርል ሲርስ ሕጉ እንዳይነካ ይፈልጋሉ። ዴሞክራቷ አቢጌል ስፓንበርገር ደግሞ ሙሉ በሙሉ መሻሩን አልደግፍም ብለዋል። የራሳቸው ፓርቲ ሰዎች ግን ይሻር የሚሉ ሞልተዋል።
እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። ሰው እንጀራውን ለማግኘት ብሎ ለማይፈልገው ድርጅት መክፈል የለበትም። እናንተስ? ስድብ ይቅር፣ ክርክር ይምጣ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ወንድሜ፣ እኔ ዲሲ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፐር ነኝ። ከቼኬ መዋጮ ይቆረጣል። ደስ እያለኝ አይደለም፣ ሲቆረጥበት ደስ የሚለው ማን አለ? ግን ኢንሹራንሴ የመጣው በዚያ ውል ነው። በቀን ስንት ክፍል እንደማጸዳ የተወሰነውም በዚያ ውል ነው። ማኔጀሩ ብድግ ብሎ "ዛሬ ሦስት ክፍል ጨምሪ" ሲለኝ ውሉን አሳየዋለሁ፣ አለቀ። አሁን አንተ አጠገቤ ቆመህ ያው ደመወዝ፣ ያው ኢንሹራንስ፣ ያው ውል ይኑርህና አምስት ሳንቲም አታዋጣ? እድር ሳያዋጣ ድንኳን የሚተከልለት ሰው አይተህ ታውቃለህ?

የአሌክሳንድሪያው፦
እድር በግድ አያስገባም እህቴ። የሰፈሩን እድር ካልወደድኩት ሌላ እገባለሁ፣ ወይ ጭራሽ አልገባም። ቀባሪ ባጣ የራሴ ጉዳይ።

የዴንቨሯ፦
እድሩን ካመጣችሁት አይቀር ዋናው ልዩነት ቀርቷችኋል። እድር ላልከፈለ ሰው "አልደርስልህም" ማለት ይችላል። ዩኒየን አይችልም። በ1935ቱ የፌዴራል የሠራተኛ ሕግ አብላጫው ሠራተኛ የመረጠው ዩኒየን የሁሉም ወኪል ነው፣ የከፈለም ያልከፈለም። ያልከፈለው ሰው ሲባረር ቅሬታውን ተቀብሎ በቅንነት ሊከራከርለት ይገባል። ጉዳዩን ሆን ብሎ ከጣለው ሠራተኛው ሊከሰው ይችላል። ራይት ቱ ወርክ የሚለው፣ ይህን ሁሉ አድርግለት፣ ግን አታስከፍለው ነው።

ለአሌክሳንድሪያው ደግሞ አንድ ነገር። "አባል ካልሆንክ አንቀጥርህም" የሚለው ውል በ1947 በታፍት ሃርትሊ ሕግ ታግዷል። ፕሬዚዳንት ትሩማን አልፈርምም ቢሉም ኮንግረሱ ተቃውሟቸውን ሽሮ አጸደቀው። ክልሎች ራይት ቱ ወርክ እንዲያወጡ የተፈቀደላቸውም በዚያው ሕግ ነው። ስለዚህ ሜሪላንድ ውስጥም ቢሆን አባልነቱን ትተህ ክፍያውን ብቻ መክፈል ትችላለህ። ቤክ ከሚባለው የ1988ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ደግሞ አባል ያልሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከተቃወመ፣ የሚከፍለው ለድርድርና ለውል ማስከበር የሚወጣውን ብቻ ነው። የፖለቲካው ወጪ ይቀነስለታል። ሃይማኖቱ ዩኒየን መደገፍን ለሚከለክለው ሰውም ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት እንዲሰጥ የሚፈቅድ አንቀጽ አለ። ጠቡ ስለ ክፍያ ነው። አባልነቱን ማንም አይጭንብህም።

የአሌክሳንድሪያው፦
ስንት ሰው ነው ይህን የሚያውቀው? ሥራ የጀመርክ ቀን ወረቀት ያቀርቡልሃል፣ ትፈርማለህ። ቤክ የሚባል ነገር አለ ብሎ የሚነግርህ የለም።

የዴንቨሯ፦
እውነት ነው። እዚያ ላይ አልከራከርህም።

ጋሼ ከስፕሪንግፊልድ፦
ልጆች፣ እኔ በደርግ ጊዜ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ከኃይለ ሥላሴ ጊዜ ጀምሮ የነበረውን ኮንፌዴሬሽን አፈረሱና የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ብለው የራሳቸውን አቆሙ። መዋጮው ከደመወዝ ይቆረጣል። ስብሰባ ካልመጣህ ስምህ ይያዛል። ማኅበሩ ስለ ደመወዛችን አንድ ቀን ሲከራከር አልሰማሁም፣ ስለ ምርት ዘመቻ ግን ጠዋት ማታ ነው። "ለሠራተኛው ሲባል ክፈል" የሚል ሰው ሲመጣ ኪሴን የምይዘው ለዚህ ነው። እዚህ አገር ስመጣ መክፈልም አለመክፈልም በእጄ ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ። ይሻር የሚል ሰው ድምፄን አያገኝም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ጋሼ፣ ያዩትን አይቼ አላውቅምና አልከራከርዎትም። ግን የርስዎ ማኅበር የመንግሥት ነበር። የኛን ሹም እኛ እንመርጣለን፣ ካልሠራ እናወርደዋለን። ባለፈው ምርጫ አውርደናልም።

የዴንቨሯ፦
ጋሼ፣ መንግሥት ሠራተኛን ማስገደዱ ከሆነ የሚያስፈራዎት፣ የቨርጂኒያው ሕግ ራሱ እንዴት እንደተወለደ ልንገርዎት። በ1946 የመብራት ኃይል ሠራተኞች አድማ ሊመቱ ተዘጋጁ። ገዥው ዊሊያም ተክ ምን አደረጉ? ሠራተኞቹን በክልሉ ሚሊሺያነት መለመሏቸው! ክተት ተብለው፣ እምቢ ካሉ ወታደራዊ ፍርድ ሊጠብቃቸው። አድማው ቀረ። በማግስቱ ዓመት፣ በጃንዋሪ 1947፣ እኚሁ ገዥ ልዩ ጉባኤ ጠርተው ራይት ቱ ወርክን አስወጡ። የነጻነት ሕግ ነው ሲባል ይህንንም አብረን ብናስታውስ። በደቡቡም ሕጉ የተስፋፋው ጥቁርና ነጭ ሠራተኛ በአንድ ማኅበር እንዳይገናኝ በሚፈልጉ ሰዎች ግፊት ጭምር ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1961 በግልጽ የተቃወሙት በከንቱ አይደለም።

ጋሼ ከስፕሪንግፊልድ፦
የሚሊሺያውን አላውቅም ነበር። ገዥው ጥፋተኛ ነው። ግን ሕጉን ያወጣው ሰው ክፉ መሆኑ የኔን ኪስ አይመለከትም። ዛሬ አስገድዱ አታስገድዱ ነው ጥያቄው።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ ላቋርጥ። እኔ ባለፈው ወር ያለ ምንም ምክንያት ከፓርኪንግ ሥራዬ ተባረርኩ። ቨርጂኒያ ራይት ቱ ወርክ ስለሆነች ነው አሉኝ። ይሄ ሕግ ከተሻረ ማባረር አይችሉም ማለት ነው?

የዴንቨሯ፦
አይደለም የኔ ወንድም። የተባረርከው አት ዊል በሚባለው ሌላ ደንብ ነው። አሠሪው ያለ ምክንያት ሊያሰናብትህ ይችላል፣ አንተም ያለ ምክንያት ልትለቅ ትችላለህ። ይህ ከሞንታና በቀር በሁሉም ክልል አለ፣ ሜሪላንድም ጭምር። ራይት ቱ ወርክ ቢሻር አይቀየርም። "ያለ በቂ ምክንያት አይባረርም" የሚል ነገር የምታገኘው አብዛኛውን ጊዜ በዩኒየን ውል ውስጥ ነው። ደግሞ በዘርህ፣ በሃይማኖትህ ወይም ስለ ደመወዝ በመናገርህ ከሆነ ያባረሩህ፣ ያ በየትም ክልል ሕገ ወጥ ነው። ሕግ የሚያውቅ ሰው አናግር፣ አትቆይ።

ነጋዴው፦
እኔ ፎልስ ቸርች አካባቢ ትንሽ ንግድ አለኝ። ስሜቱን እንተወውና ሥራ ከየት እንደሚመጣ እንነጋገር። የንግድ ዜና ጣቢያው ሲኤንቢሲ በ2024 ለንግድ አንደኛ ያላት ክልል ቨርጂኒያ ናት። በ2025 ሰሜን ካሮላይና። ሁለቱም ራይት ቱ ወርክ ናቸው። ትልቅ ድርጅት ፋብሪካ ሊከፍት ሲያስብ ሕጉ የሌለበትን ክልል መጀመሪያ ላይ ከዝርዝሩ ያወጣል። ቦይንግ 787 አውሮፕላኑን የሚገጣጥምበትን ፋብሪካ በ2011 ደቡብ ካሮላይና የከፈተው ለምን ይመስላችኋል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሚሲሲፒም ራይት ቱ ወርክ ናት፣ ከድሆቹ ተርታ ነች። ማሳቹሴትስ ሕጉ የላትም፣ ከሀብታሞቹ ነች። የቨርጂኒያ ሥራ ከፔንታጎንና ከላውደን ካውንቲ ዳታ ሴንተሮች አይደለም ወይ የሚመጣው? ፔንታጎን ወዴት ሊሰደድ ነው?

ነጋዴው፦
ፔንታጎን አይሰደድም። አዲስ የሚመጣው ፋብሪካ ግን ምርጫ አለው። ሮአኖክና ዳንቪል ያለው ሥራ ፈላጊ እንደናንተ ዲሲ ጎረቤቱ አይደለም።

የቬጋሱ፦
"ድር ቢያብር" የሚል ሰው እስካሁን አለመምጣቱ ገረመኝ። ልዝለለው።
ኔቫዳ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ራይት ቱ ወርክ ናት። ማንም መክፈል አይገደድም። ግን በአገሪቱ ከታወቁት ጠንካራ ዩኒየኖች አንዱ፣ የሆቴልና የካዚኖ ሠራተኞቹ ኩሊናሪ 226፣ ያለው እዚህ ነው። 60,000 ያህል ሰው ይወክላል፣ ሐበሻው ስንት እንደሆነ ካዚኖ ጀርባ ያለውን የሠራተኛ ካፍቴሪያ ያየ ያውቀዋል። ፍሮንቲየር ሆቴል ላይ ከ1991 እስከ 1998 አድማ መትተዋል። ስድስት ዓመት ከአራት ወር! 550 ያህል ሰው ነበሩ፣ አንድም ሰው ሰልፉን ጥሶ አልገባም ይባላል። በ2023ም ለአድማው ሰዓታት ሲቀሩ ነው ትልልቆቹ ካዚኖዎች የአምስት ዓመት ውል የፈረሙት።
ሰው ለምን ይከፍላል? ስለሚያየው ነው። ሥራ ስትጀምር የዩኒየኑ ሰው መጥቶ ያናግርሃል። ሺፍትህ ሲነካ ስቱዋርዷ፣ የዩኒየኑ ተወካይ፣ እዚያው ፎቅ ላይ አለች። መዋጮው በግድ ቢሆን ኖሮ እንዲህ የሚለፉ አይመስለኝም። እኔ ዩኒየን እወዳለሁ፣ ግዴታውን ግን አልናፍቅም።

የአሌክሳንድሪያው፦
ይሄው! እኔ ያልኩት ይህንን ነው። ጥሩ ከሆነ ሰው በፈቃዱ ይከፍላል።

የዴንቨሯ፦
ቬጋስ ልዩ ነው። ካዚኖ ተነቅሎ ደቡብ ካሮላይና አይሄድም። ሠራተኛውም በአንድ መንገድ ዳር ተሰብስቦ ነው ያለው። አምስት ስድስት ሰው በየሕንጻው በተበተነበት ፓርኪንግ ወይም ጽዳት ላይ ይህን ሞክረው። በአገር ደረጃ በ2024 የዩኒየን አባል የሆነው ሠራተኛ 9.9 በመቶ ነው፣ በግሉ ዘርፍ 5.9 ብቻ።
ግን ነገሩ የፓርቲ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሚዙሪ በ2016 ትራምፕ በሰፊ ልዩነት ያሸነፉባት ክልል ናት። ሕጉ በ2017 ወጣ፣ ዩኒየኖቹ ከ300,000 በላይ ፊርማ ሰብስበው ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት፣ በ2018 ሁለት ሦስተኛው መራጭ ጣለው። በተቃራኒው የኔ ኮሎራዶ አለች። እዚህ ዩኒየን ከተመረጠ በኋላ እንኳ ክፍያው ላይ ለመደራደር ሁለተኛ ምርጫ ተደርጎ 75 በመቶ ማግኘት አለበት። ይህ ሁለተኛ ምርጫ ይቅር ተብሎ በ2025 ምክር ቤቱ አጸደቀ። ማን አልፈርምም አለ? ዴሞክራቱ ገዥ ጃሬድ ፖሊስ። ሚሺጋን ደግሞ በ2012 ያወጣችውን ሕግ በ2023 ሰረዘች።

የዳለስ ኤርፖርቱ፦
ትንሽ ላስቃችሁ። እኔ አየር መንገድ ነው የምሠራው፣ ዳለስ። ቨርጂኒያ ውስጥ ማለት ነው። በግዴታ እከፍላለሁ። አየር መንገድና ባቡር የራሳቸው የፌዴራል ሕግ አላቸው፣ የክልሉ ሕግ አይደርስባቸውም። እዚያው ተርሚናል ውስጥ ቡና የምትሸጠው ልጅ ግን የክልሉ ሕግ ይሸፍናታል። የጃይንትና የሴፍዌይ ሱፐርማርኬት ሠራተኞችም እንዲሁ ናቸው። ዩኒየናቸው ሎካል 400 ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ያሉትን ይወክላል። ወንዙን ወደ ቨርጂኒያ ስትሻገር ክፍያው ግዴታ መሆኑ ይቀራል።

የአሌክሳንድሪያው፦
እንግዲህ መፍትሔ ላምጣ። ዩኒየኑ የከፈለውን ብቻ ይወክል። ያልከፈለ የራሱን ደመወዝ ራሱ ይደራደር። የእድሩም ጥያቄ ይፈታል፣ ግዴታውም ይቀራል። ይህን የማይፈልገው ማን ነው?

የዴንቨሯ፦
እውነቱን ልንገርህ፣ ዩኒየኖቹ ራሳቸው ብዙዎቹ አይፈልጉም። ብቸኛ ወኪል መሆን ጉልበት ነው። አሠሪው ላልከፈሉት ትንሽ ጨምሮ የከፈሉትን ሊያስኮበልል ይችላል። አሠሪዎችም በአንድ ፎቅ ላይ ሁለት ዓይነት ውል አይፈልጉም። ለመቀየር ደግሞ የፌዴራሉን ሕግ መንካት ያስፈልጋል። የቨርጂኒያ ገዥ ሥልጣን አይደለም።

የአሌክሳንድሪያው፦
ስለዚህ ወኪልነቱን እነሱ ፈልገው ይዘዋል። ፈልገህ የያዝከውን ሸክም ወጪውን በግድ ክፈሉኝ ማለት አይከብድም?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
አብላጫው መርጦ ነዋ የያዙት! ለከተማው ከንቲባ ድምፅ ያልሰጠ ሰው ግብር አይከፍልም?

ጋሼ ከስፕሪንግፊልድ፦
ግብር ለመንግሥት ነው ልጄ። ለማኅበር ግብር ስንከፍል ያየነውን ነገርኩሽ።

የዳለስ ኤርፖርቱ፦
አንድ ነገር ልጨምርና ሺፍት ልግባ። ገዥ ብቻውን ሕግ አይሽርም፣ ምክር ቤቱ ካላሳለፈለት። ያው ኖቬምበር 4 የተወካዮች ምክር ቤቱ 100 ወንበሮች በሙሉ ለምርጫ ይቀርባሉ። ቤታችሁ ለሚያንኳኳው እጩ ጥያቄውን አቅርቡ። በ2016 ሕጉን ሕገ መንግሥት ውስጥ እናስገባ ተብሎ ሲጠየቅ የቨርጂኒያ መራጭ እምቢ ብሏል። ሕጉን እንደ ሕግ ግን እስከ ዛሬ አልነካም። ሕዝቡ ራሱ መሃል ላይ ነው ያለው።

የአሌክሳንድሪያው፦
የኔ ወረዳ እጩ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ይመጣል ተብሏል። እጠይቀዋለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ስትጠይቀው ያልከፈለውን ሰው ቅሬታ ማን በራሱ ወጪ ይከራከርለት ብለህ ጠይቀው። "መብትን እደግፋለሁ" ብሎ ካለፈህ አልመለሰልህም።

ጋሼ ከስፕሪንግፊልድ፦
እኔም ቅዳሜ እመጣለሁ። ከሷ ጥያቄ ቀጥሎ የኔን አስይዝልኝ።