ስታቲክ ላይብረሪ በዊንዶውስ ሊንክ አልሆን አለ፦ የኤክስፖርት ማክሮ ጥያቄ

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ አንድ ላይብረሪ በሲሜክ (የግንባታ መሣሪያ) እየገነባሁ ለሊነክስም ለዊንዶውስም፣ በስታቲክም (ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የሚታሸግ) በሼርድም (በተለየ ፋይል የሚጫን) መልኩ ማቅረብ እፈልጋለሁ። በሊነክስ ሁለቱም ይሠራሉ። በዊንዶውስ ግን ዲኤልኤሉ (የዊንዶውሱ ሼርድ ላይብረሪ) ደህና ሆኖ ሳለ ስታቲኩን የሚጠቀም ፕሮግራም ሊንክ ሲደረግ (ኮዶቹ ሲያያዙ) ኤልኤንኬ2019 የሚል ስህተት ይመጣል፤ ሊንከሩ አጣሁት የሚለው ስም ከፊቱ «ኢምፕ» የሚል ቅጥያ አለው። ፋንክሽኑ በላይብረሪው ውስጥ መኖሩን አረጋግጫለሁ። በሄደሩ (ተጠቃሚውም በሚያካትተው የማስታወቂያ ፋይል) ውስጥ ያለው ማክሮ፣ ማለትም በሌላ ጽሑፍ የሚተካው ስም፣ ላይብረሪው ሲገነባ ዲኤልኤል ኤክስፖርት፣ በሌላ ጊዜ ሁሉ ዲኤልኤል ኢምፖርት ይሆናል። ምን ላስተካክል?

መልስ 1፦
ፍንጩ ያለው «ኢምፕ» ከሚለው ቅጥያ ላይ ነው። ዲኤልኤል ኢምፖርት የሚል ምልክት ያለበት ፋንክሽን ሲጠራ ኮምፓይለሩ ፋንክሽኑን በቀጥታ በስሙ ከመጥራት ይልቅ፣ አድራሻው በሚቀመጥበት የኢምፖርት ሠንጠረዥ በኩል ያልፋል፤ በስታቲክ ላይብረሪው ማውጫ ውስጥ ደግሞ በዚያ ቅጥያ የተመዘገበ ስም ስለሌለ ሊንከሩ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ማክሮው ሦስተኛ ሁኔታ ያስፈልገዋል፤ ላይብረሪው ስታቲክ ሲሆን ባዶ ይሁን።

ብዙዎች የሚስቱት ግን ይህን ነው፦ ስታቲክ መሆኑን ለኮምፓይለሩ የሚገልጸው ዴፊኒሽን ላይብረሪው ሲገነባ ብቻ ሳይሆን፣ ሄደሩን የሚያካትተው ፕሮግራም ሲገነባም መኖር አለበት። በሲሜክ ዴፊኒሽኑን ለስታቲክ ታርጌቱ «ፐብሊክ» አድርገው ከሰጡት ለተጠቃሚው በራሱ ይደርሰዋል። ጀነሬት ኤክስፖርት ሄደር የተባለው የሲሜክ ሞጁል ማክሮውን ያዘጋጅልዎታል፤ ዴፊኒሽኑን ማስተላለፍ ግን የእርስዎ ድርሻ ነው።

መልስ 2፦
በሊነክስ የሠራልዎ ሲምቦሎች (የፋንክሽንና የዳታ ስሞች) ሁሉ ካልተከለከሉ በቀር ለውጭ ክፍት ስለሆኑ ነው። ከጂሲሲ (ኮምፓይለሩ) 4.0 ጀምሮ ባለው አማራጭ ቪዚቢሊቲውን፣ ማለትም ለውጭ መታየታቸውን፣ «ሂድን» (ድብቅ) አድርገው ሼርዱን ይገንቡት፤ የኤክስፖርት ምልክት የተረሳበት ፋንክሽን ዊንዶውስ ድረስ ሳይሄዱ ይታወቃል። ከሲሜክ 3.4 ወዲህ በዊንዶውስ ሁሉንም ሲምቦል ኤክስፖርት የሚያደርግ ፕሮፐርቲ ቢኖርም ለአዲስ ላይብረሪ አልመክረውም፤ ግሎባል ዳታ አሁንም በተጠቃሚው በኩል ዲኤልኤል ኢምፖርት ይፈልጋል፣ የውስጥ ፋንክሽኖችዎም ሳይፈልጉ ለውጭ ይጋለጣሉ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ስታቲኩ ሊንክ ሆኗል። «ሂድን» ሳደርገው ደግሞ ምልክት የሌለው አንድ ክላስ ሊነክስ ላይ ተገኘ። የኤክሴፕሽን (የስህተት ማሳወቂያ) ክላሶችም ምልክቱ ያስፈልጋቸዋል?

መልስ 2፦
አዎን፣ ከላይብረሪው ወጥተው በተጠቃሚው ኮድ የሚያዙ ከሆነ ያስፈልጋቸዋል። አለበለዚያ የዓይነት መረጃቸው በየላይብረሪው ለየብቻ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ በተለይ በማክ ኦኤስ፣ ትክክለኛው የካች ክፍል (ስህተቱን የሚይዘው ኮድ) እያለ ኤክሴፕሽኑ ሳይያዝ ሊያልፍ ይችላል።