የጤና ቁጥጥር ውጤታችን 78 ወጣ፤ ከድጋሚ ቁጥጥሩ በፊት የቱን እናስቀድም?

ምግብ_አሰናጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሬስቶራንታችን ውጤት ከመቶ 78 ነው። ሪፖርቱ ላይ የሰፈሩት እነዚህ ናቸው፦ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጥሬ ዶሮ 9 ዲግሪ ተለካ፣ 20 ሊትር ሾርባ በድስቱ እንዳለ ጠረጴዛ ላይ ሲቀዘቅዝ ተገኘ፣ የዕቃ መዘፍዘፊያው ውሃ በመለኪያ ወረቀት ክሎሪን አላሳየም፣ ግድግዳው ላይ የተሰነጠቀ ሴራሚክ አለ። ድጋሚ ቁጥጥሩ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ባለቤቱ ሴራሚኩ ይቅደም ይላሉ። የፍሪጁ ማሳያ ደግሞ 4 ዲግሪ ነው የሚለው።

ንጽህና_ባለሙያ፦
ሴራሚኩ ይቆይ፣ ሰው አያሳምምም። የሚያሰጋው ሾርባው ነው። እንደ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ያሉ ባክቴሪያዎች ስፖራቸው (ጠንካራ ሽፋን ለብሰው የሚያንቀላፉበት ቅርጽ) መፍላትን ይቋቋማል፤ ሾርባው ለብ ሲል ነቅተው ይራባሉ። ስለዚህ ከ60 ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት፣ ከዚያ ወደ 5 ዲግሪ በቀጣዩ 4 ሰዓት መውረድ አለበት። በትልቅ ድስት ይህ አይሆንም፤ ፍሪጅ ቢገባም መሃሉ ሞቆ ያድራል። ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ዝርግ ትሪ ላይ ገልብጡት፣ ትሪውን በረዶ ባለበት ውሃ ላይ አስቀምጡና አማስሉት። ክዳን የሚደረገው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በ2 ሰዓት 21 ካልደረሰ ወዲያው እስከ 74 ዲግሪ አሙቁና እንደገና ጀምሩ፤ 6 ሰዓት ካለፈው ይደፋ።

ፍሪጅ_ጠጋኝ፦
ማሳያው የሚያነበው ማራገቢያው አጠገብ ያለውን አየር እንጂ ዶሮውን አይደለም። በመጀመሪያ ቴርሞሜትራችሁን ፈትኑት፦ ብርጭቆ ሙሉ የተፈጨ በረዶ ላይ ትንሽ ውሃ ጨምራችሁ ጫፉን ስትነክሩት 0 ማሳየት አለበት። ከዚያ አንድ ኩባያ ውሃ በሩ አጠገብ አሳድራችሁ ጠዋት ለኩ። ከ5 በላይ ከሆነ በሩን ወረቀት ላይ ዝጉና ወረቀቱን ሳቡት፤ ያለ ችግር ከወጣ የበሩ ጎማ አልቋል። ጎማው ደህና ከሆነ የኮንደንሰሩን፣ ማለትም ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ክፍል፣ አቧራ እዩ (ወጥ ቤት ውስጥ ከቅባት ጋር ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል)። ካርቶን ማራገቢያውን እንዳይዘጋ። ትኩስ ድስት የምታስገቡ ከሆነም 9 ዲግሪው ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ዶሮው ደግሞ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ይሁን፣ ፈሳሹ ሌላ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ።

ንጽህና_ባለሙያ፦
ክሎሪኑን ረስቼው። 5 በመቶ የሆነ በረኪና ከሆነ ለ10 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 100 እጅ ክሎሪን) ይሰጣል። ወረቀቱ ምንም ካላሳየ ወይ በረኪናው አርጅቷል፣ ወይ ዕቃው በደንብ ሳይለቀለቅ ገብቷል፤ የምግብ ትራፊና ሳሙና ክሎሪኑን ይጨርሱታል። ቅደም ተከተሉ ማጠብ፣ ማለቅለቅ፣ መዘፍዘፍ፣ በአየር ማድረቅ ነው። በፎጣ አትጥረጉ። «ይበርታ» ብሎ መጨመርም አያስፈልግም፣ ከ200 ካለፈ ዕቃው ላይ ይቀራል።

ምግብ_አሰናጅ፦
አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ያደረ ሾርባ በደንብ ቢፈላ አይድንም?

ንጽህና_ባለሙያ፦
አይድንም። ስታፊሎኮከስ አውሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ምግቡ ውስጥ የተወው መርዝ ቢፈላም አይጠፋም። ትሪው ላይ የወጣበትን ሰዓትና ዲግሪ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ተቆጣጣሪው ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቀው መዝገቡን ነው።