ዘሌዋውያን ላይ እየቆምሁ ተቸግሬአለሁና ምክራችሁን እሻለሁ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ለማጥናት በየመስከረሙ እየጀመርሁ ሦስት ዓመት ሞከርሁ፤ ዘፍጥረትንና ዘጸአትን በደስታ ካለፍሁ በኋላ ግን ስለ ለምጽ ሕግ በሚናገረው በዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ላይ እቆማለሁ፤ የዕልባቱ ቀይ ክር ዛሬም እዚያው ገጽ ላይ ተኝቷል። ሌሊት 11 ሰዓት ለሥራ ስለምወጣ የዕለቱን ዳዊት ደግሜ እሄዳለሁ፤ መድገምና ማጥናት ግን አንድ አይደሉም።

ባለቤቴ «የእሑዱ ስብከት ይበቃል» ትለኛለች። እኔ ግን የቤርያ ሰዎች ጳውሎስ ራሱ ሲሰብካቸው እንኳ ነገሩ እንዲሁ መሆኑን ለማወቅ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ እንደ ነበር (የሐዋርያት ሥራ 17፥11) ሳነብ ልቤ አያርፍም። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢሳይያስን ያነበበው በሠረገላ ላይ ሆኖ ነው፤ እኔም በታክሲ ሞክሬ ነበር፤ ከረዳቱ ጩኸት ጋር አልሆነልኝም እንጂ። እርሱም ቢሆን ፊልጶስ እስኪደርስለት ድረስ ያነበበውን የሚፈታለት አላገኘም።

ስለዚህ ሥራና ልጆች ይዛችሁ በጥናት የጸናችሁ ሁሉ፣ ከወንጌል ልጀምር ወይስ በኦሪቱ ልግፋበት? አንድምታ ትርጓሜውን ከንባቡ ጋር ላስኪደው ወይስ ንባቡን ከጨረስሁ በኋላ ልመለስበት? ግማሽ ሰዓት የምታገኙትስ ጠዋት ነው ወይስ ማታ?